ጥቁር ይዘሽ ሳትሸነፊ የተነሣሽ ቀን

ጥቅምት 4 ቀን

ለምወድህ ልጄ ለብሎን፣

ናፍቆቴና ሰላምታዬ ተያይዘው ካለህበት ይድረሱህ። ጤናህ እንዴት ነው? ያ በገመድ ተንጠልጥዬ ሊፍት እጠግናለሁ የምትለው ነገር አሁንም ሆዴን ያባባዋል። እኛ አምላክ ይመስገን አለን፤ እኔ ከስፌቴ፣ አጎትህ ከእንጨቱ ጋር።

ይህን የምጽፍልህ ቤት ሆኜ አይደለም። ስፌት ክፍል ነኝ፣ የምሳ ሰዓት ነው። መኪናዎቹ ዝም ብለዋል፣ ሰው ሁሉ ወጥቷል፣ እኔ የቱታ እጅጌዎቹን ገፋ አድርጌ ወረቀቴን ዘርግቻለሁ። ለምን ተደብቄ እንደምጽፍ ልንገርህ።

የአጎትህ ዓይን ደክሟል። ባለፈው "ትንሽ ጭጋግ ብጤ ነው" ብዬ የጻፍኩልህ እሱ አጠገቤ ቁጭ ብሎ እየነገረኝ ስለነበረ ነው። ጭጋግ አይደለም፣ ሞራ ነው፣ ያውም በሁለቱም። ሐኪሟ አይታው "አባባ፣ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይፈጅም፣ እንደገና ልጅ ይሆናሉ" አለችው። እሱ "አስብበታለሁ" ብሎ ኮፍያውን አድርጎ ወጣ። ይኸው ሲያስብ ስምንት ወር ሆነው። ለብቻዬ ተመልሼ ስጠይቃት ደግሞ ይህ ዓመት ካለፈ ቀዶ ጥገናው እንደሚከብድ ነገረችኝ።

ያለፈው ሰሞን የሠራው ቁምሳጥን ተመልሶ መጣበት። አንደኛው በር ከሌላው በጣት ያህል ይረዝማል። ደንበኛው ጨዋ ሰው ስለሆነ "ምናልባት የቤቴ ወለል ዘሞ ይሆናል" አለው። አጎትህ ግን ሦስት ቀን ሰው አላናገረም። አሁን እንጨት የሚለካው በመዳፉ ነው። መጋዙን ባስነሣ ቁጥር እኔ ጓዳ ሆኜ ጣቶቹን እቆጥራለሁ። የኔ ፀጉር መንጣቱን እንኳ አያውቅም፤ እኔም አልነገርኩትም።

ለምኜዋለሁ፣ ተቆጥቼዋለሁ፣ አኩርፌዋለሁ፤ ወይ ፍንክች። ባለፈው እሁድ እንደ ልማዳችን ከምሳ በኋላ ቼዝ ተቀመጥን። ቼዝ ላይ ዓይኑ አያስፈልገውም፤ ጠጠሮቹን ዳሰስ ዳሰስ ያደርግና ሁሉንም በልቡ ይይዘዋል። እንደ ልማዱ ነጩን ይዞ፣ እንደ ልማዱ አሸነፈኝና "አየሽ? ዓይኔ ምን ሆነ?" አለኝ። ብው አልኩ። "አንተ ሰው፣ ምን ባደርግ ነው ሐኪም ቤት የምትሄደው?" አልኩት። ከት ብሎ ሳቀ። "ጥቁር ይዘሽ ሳትሸነፊ የተነሣሽ ቀን!" አለኝ። "ቃል?" ስለው "የአናጢ ቃል" አለ።

አንተ ታውቃለህ፣ በኛ ቤት ነጩ የቼዙን ጠረጴዛ ለሠራው ነው ተብሎ ተፈርዷል። ሠላሳ አንድ ዓመት ጥቁር ይዤ ሠላሳ አንድ ዓመት ተሸንፌያለሁ። ግን ልብ በል፤ "ሳትሸነፊ" ነው ያለው፣ "ስታሸንፊ" አላለም። እኩል መውጣት ይበቃኛል ማለት ነው። አንተ እሱ ሥር ቁጭ ብለህ የተማርክ፣ እዚያም ከባልደረቦችህ ጋር እንደምትጫወት የጻፍክልን ልጅ ነህ። ጥቁር የያዘ ሰው የማይደፈርበት አጀማመር ካለ አስተምረኝ። ብልጠት አልፈልግም፣ አጥር ነው የምፈልገው።

ደብዳቤህን ጮክ ብዬ የማነብለት እኔ ስለሆንኩ፣ የቼዙን በሌላ ወረቀት ጽፈህ አጥፈህ ክተተው።

የምትሳሳልህ አክስትህ
እቴቴ


ጥቅምት 27 ቀን

ለውድ እቴቴና ለውድ ጋሼ፣

ከሩቅ ሆኜ ሁለታችሁንም ጉልበት ስሜ ሰላም እላለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ሥራውም ደህና ነው፤ ባለፈው ሳምንት የአንድ ባለ አሥራ አራት ፎቅ ሕንፃ የሊፍት ገመድ ቀየርን። ጋሼ፣ የሊፍቱን ውስጥ በእንጨት ለብጠውታል፤ ማዕዘኑ ላይ ግን አልገጠመላቸውም፣ ክፍተቱን በቀለም ደፍነውታል። እርስዎ ቢያዩት አንድ ቀን ሙሉ ይስቁ ነበር። እቴቴ፣ ስለ ገመዱ አትጨነቂ፤ እኔን የሚይዘኝ ሌላ ገመድ አለ፣ እሱንም የሚይዘው ሌላ አለ። ብርዱ ጀምሯል፣ ወፍራም ካልሲ ገዝቻለሁ።

ልጃችሁ ብሎን

(የታጠፈው ወረቀት፣ ለእቴቴ ብቻ)

እቴቴ፣ የቁምሳጥኑን ነገር ሳነብ እንባዬ መጣ። የጋሼ በር ሲዛነፍ! እሳቸው እኔ ልጅ እያለሁ በአንድ ፀጉር ስፋት ምክንያት መሳቢያ ሙሉ አፍርሰው የሠሩ ሰው ናቸው።

ወደ ጉዳያችን ልግባ። የግምጃ ቤታችን ኃላፊ ዝምተኛው የምንለው ሰው ነው። ምሳ ሰዓት የመለዋወጫ ሣጥን ይገለብጥና የቼዝ ገበታ ይዘረጋል። ሄጄ "ጥቁር ይዞ ላለመሸነፍ ምን ይደረጋል?" አልኩት። እንደ ጉድ አየኝና "ካሮ-ካን" አለ፤ የአጀማመሩ ስም ነው። ከዚያ አንድ ሰዓት ሙሉ አስረዳኝ። ከአፉ ይህን ያህል ቃል በአንድ ቀን ሲወጣ የሰማ ሰው የለም።

ጋሼ ሁልጊዜ የሚጀምሩት የንጉሡን ወታደር ሁለት ቤት በመግፋት ነው። አንቺ አትቸኩዪ። ከፊትሽ ከተሰለፉት ወታደሮች ከቀኝሽ ሦስተኛውን አንድ ቤት ብቻ ግፊ። ምንም ያላደረግሽ ይመስላል፣ ይምሰል። ቀጥለው የንግሥታቸውን ወታደር ሁለት ቤት ይገፋሉ። ያኔ አንቺም የንግሥትሽን ወታደር ሁለት ቤት ገፍተሽ ከፊታቸው ገትሪው። ቢበሉብሽ ያቺ ትንሿ ወታደር ከጎን ሆና መልሳ ትበላለች። ላንቺ በሚገባሽ ቋንቋ፣ ትንሿ ወታደር ገበር ናት፤ ጨርቁ ቢቀደድ ገበሩ ይይዛል።

ለጊዜው ይህን ብቻ ሞክሪ። ስለኔ ጨዋታ ለጠቀስሽው፣ ሰሞኑን ጊዜ አጥሮኛል።

ብሎንሽ


ኅዳር 18 ቀን

ለልጄ ለብሎን፣

እንደምን ከረምክ የኔ ጌታ? ካልሲው ይሙቅህ። እኛ በጤና ነን፣ ይህን ስልህ ግን ኩራቴን ሳልቆጥር ነው።

የተማርኩትን ይዤ እሁድ ገበታ ፊት ቀረብኩ።  አጎትህ የንጉሡን ወታደር ሁለት ቤት ገፋ። እኔም ከቀኜ ሦስተኛውን አንድ ቤት ገፋሁ። ጣቱን ልኮ ዳሰሰውና ቅንድቡን አነሣ። ቀጠልን፣ የንግሥቴን ወታደር ፊቱ ገተርኩ፣ በላብኝ። በል እንግዲህ ብዬ ገበር ያልካትን ወታደር ባያት፣ እሷ እቴ! እዚህና እዚያ ናቸው፣ በመካከላቸው አንድ ረድፍ ሙሉ አለ፤ በየት በኩል ደርሳ ትብላ? በንግሥቴ በላሁ፣ ንግሥቴን በፈረስ አባረራት። ከዚያ ደግሞ ያ የገፋሁት ወታደር ለካ የንጉሤ በር ኖሯል። ንግሥቱ በዚያ ገብታ በአሥራ አራተኛው እርምጃ ጨረሰችኝ። ጭራሽ በሃያዎቹ ነበር የምሸነፈው እኮ!

"ይህን ማን መከረሽ?" አለኝ አጎትህ። "ማንም" አልኩ። "ማንም ይሁን ማን፣ ጠላትሽ ነው" አለኝና እየሳቀ ሊተኛ ገባ።

ሌላም ነገር አለ። የአንተን ደብዳቤ ካነበብኩለት በኋላ "ወረቀቱ ሦስት ጊዜ ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ፤ ያነበብሽልኝ ግን አንድ ገጽ ነው" አለኝ። ዓይኑ ቢደክም ጆሮው ቀጭን ነው። "ያንዱ ጀርባ ባዶ ነው" ብዬ ዋሸሁ።

አሁን ንገረኝ፣ ምን አጥፍቼ ነው? አንድ ቤት አልክ፣ አንድ ቤት ገፋሁ። ከቀኝ ሦስተኛ አልክ፣ ሦስት ጊዜ ቆጠርኩ። የጎደለ ነገር ካለ ቶሎ ጻፍልኝ፤ ዓመቱ እየሮጠ ነው።

እቴቴ


ታኅሣሥ 27 ቀን

ብሎኔ፣

ሰላም ነህ ወይ? ካንተ ወረቀት ካየሁ ሁለት ወር ሊሞላኝ ነው። አጎትህ በየቀኑ የፖስታ ቤቱን ሰው ብስክሌት ድምፅ ያዳምጣል፣ ሲያልፍ ወደ እንጨቱ ይመለሳል። በቀልድ ጠላት መባልህ ከፍቶህ ከሆነ እኔ አፌ ይቆረጥ፣ ለምን እንደጻፍኩት አላውቅም። የቼዙ ነገር ከከበደህ ይቅር ልጄ። ብቻ ደህና መሆንህን በአንድ መስመር አሳውቀኝ።

እቴቴ


ጥር 15 ቀን

ለውድ እቴቴና ለውድ ጋሼ፣

የዘገየ ሰላምታ ነውና ከይቅርታ ጋር ተቀበሉኝ። አልታመምኩም፣ አልተከፋሁም። ጋሼ፣ እዚህ በረዶ ሲጥል የሊፍት በሮች ይኮማተሩና አልዘጋ ይላሉ፤ እርስዎ በዝናብ ጊዜ በር ሲያብጥ እንደሚያደርጉት እኔም ጎናቸውን በመዳፌ መታ እያደረግኩ አዳምጣለሁ። ባልደረቦቼ ይገርማቸዋል። ከእርስዎ መማሬን ነግሬያቸዋለሁ።

ልጃችሁ ብሎን

(ለእቴቴ ብቻ)

እቴቴ፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። የዘገየሁት እንዴት ብዬ እንደምነግርሽ ጠፍቶኝ ነው። ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀደድኩት።

ጠረጴዛችን ተሳስቷል።

ቼዝ ሲዘረጋ በየተጫዋቹ ቀኝ እጅ በኩል ያለው የጥግ ቤት ነጭ መሆን አለበት። የትም ብትሄጂ እንዲህ ነው። የኛ ጥቁር ነው። ጋሼ ገበታውን ከጠረጴዛው ላይ ሲያጣብቁት ሩብ ዙር ዞሮባቸዋል። ጠረጴዛው ረጅም ስለሆነና መሳቢያዎቹ በሁለቱ ጫፎች ስለሆኑ በሌላ በኩል መቀመጥ አይቻልም። ንግሥት ደግሞ በቀለሟ ነው የምትቀመጠው፤ ስለዚህ በኛ ጠረጴዛ ንጉሥና ንግሥት ቦታ ተለዋውጠዋል፣ ቀኙ ሁሉ ግራ ሆኗል። እኔ ከዝምተኛው ገበታ ላይ "ከቀኝ ሦስተኛ" ብዬ ገልብጬ ላክሁልሽ። እዚያ የንግሥቲቱ ጎን ነው፣ ያንቺ ጋ የንጉሡ በር ሆነ። ያሸነፉሽ ጋሼ አይደሉም፣ እኔ ነኝ።

እንዴት አወቅህ ትዪኛለሽ። እዚህ እንደመጣሁ፣ ሰባት ዓመት ሊሆነው ነው፣ ባልደረቦቼ ምሳ ሰዓት ላይ "ትችላለህ?" አሉኝ። "አጎቴ ነው ያስተማረኝ" ብዬ በኩራት ተቀመጥኩ። ጠጠሮቹን ደረደርኩ፤ ገበታውን አዙሬ፣ ንግሥቷን በንጉሡ ቦታ። ሳቁ። "አጎቴ እንዲህ ነው ያሳየኝ" ስል ባሰባቸው። ክፉ ሰዎች አይደሉም፣ በነጋታው ረሱት። እኔ ግን በሳቃቸው ውስጥ ጋሼን ያየሁ መሰለኝ፣ እርሳሳቸውን ከጆሯቸው ላይ ሰክተው ቆመው። ከዚያ ቀን ወዲህ ቼዝ ነክቼ አላውቅም። እጫወታለሁ ብዬ የምጽፍላችሁ ውሸት ነበር። አንቺ ስትጠይቂኝ ነው ከሰባት ዓመት በኋላ ወደዚያ ሣጥን የተጠጋሁት።

ለጋሼ አልነገርኳቸውም፣ አንቺም አትንገሪያቸው። ዓይናቸው ሳይደክም በዕድሜያቸው የተሳሳቱት እንጨት ያ ብቻ ነው፣ ያውም ለሠርጋችሁ የሠሩት።

አሁን ቀኝና ግራን እርሺ። የሚገፋው ወታደር ከንግሥትሽ ጎን ካለው ጳጳስ ፊት የቆመው ነው። የትኛውም ጠረጴዛ ላይ ቢሆን ይሠራል። ሁለተኛው ነገር የጳጳሱ ነው። ጋሼ የንጉሣቸውን ወታደር ገፍተው አጠገብሽ ካደረሱ፣ ያ ጳጳስ ቀድሞ ይውጣ፤ የንጉሥሽን ወታደር አንድ ቤት ገፍተሽ በሩን የምትዘጊው ከዚያ በኋላ ነው። ቀድመሽ ከዘጋሽው ጨዋታው እስኪያልቅ ጓዳ ተቀምጦ ይቀራል። ዝምተኛው ስለዚህ ጳጳስ ሲያወራ ምሳውን ይረሳል፣ ይህን ያህል ነው የሚወደው።

ብሎንሽ


የካቲት 12 ቀን

ለልጄ፣

ስለ ጤንነትህ የተመሰገነ ይሁን። ወረቀትህን ካነበብኩ በኋላ ማታውኑ አጎትህ ሬዲዮ ሲያዳምጥ ጨርቅ ይዤ ጠረጴዛውን የምወለውል መስዬ ሄድኩ። ቀኝ ጥጉን አየሁት። ጥቁር! ሠላሳ አንድ ዓመት በሰም ያሸሁት ጥግ ነው። አጎትህ ሲጫወት ሁልጊዜ ክንዱን የሚያሳርፈው እዚያ ላይ ስለሆነ ከሌላው የበለጠ ያብረቀርቃል። ሳቅ አፈነኝ፣ ወዲያው ደግሞ ያንተ ነገር ትዝ ብሎኝ ጨርቁን አስቀመጥኩት። ልጄን ሰው ሲስቅበት እኔ እዚህ ጥጉን እያስጌጥኩ ኖሬያለሁ። ለሱ ግን ትንፍሽ አልልም።

ስፌት ክፍል ካርቶን ቆርጬ በጠመኔ መሥመር አሰመርኩ። ጠጠሮቼ ቁልፎች ናቸው፤ የካፖርት ቁልፍ ንጉሥ፣ ባለ አራት ቀዳዳው ንግሥት፣ የሸሚዞቹ ወታደር። ምሳ ሰዓት በቀኝ እጄ ነጭ፣ በግራ እጄ ጥቁር ሆኜ እጫወታለሁ። አለቃዬ ስታልፍ አየችኝና "ቁልፍ እየቆጠርሽ ነው?" አለች። "አዎ፣ አንድ ጎድሏል" አልኳት። ስታግዘኝ ዋለች፣ አፈርኩ።

አሁን እሁዶቹን ልንገርህ። በመጀመሪያው በሠላሳ ስምንተኛው እርምጃ ተሸነፍኩ። በሁለተኛው በኀምሳ ሁለተኛው። ጳጳሴን አውጥቼ በሩን ስዘጋ አጎትህ ኮፍያውን አወለቀ። ኮፍያ አውልቆ ሲጫወት ካየሁት ስንት ዘመኔ! "አንቺ ሴት፣ ግድግዳ ሆንሽብኝ እኮ" አለኝ። ገበሩ ይይዛል ብሎን፣ እውነትህን ነው፤ ቢበላም ይይዛል።

የምሸነፈው አሁን መጨረሻው ላይ ነው። ሁሉም ተበላልተው እሱ በአንድ ወታደር ይበልጠኛል፣ ያቺን እየገፋ ወስዶ ንግሥት ያደርጋታል። እዚያ ላይ ምን ላድርግ?

እቴቴ


መጋቢት 2 ቀን

(ለእቴቴ ብቻ፤ የሁለታችሁን ሰላምታ በሌላው ገጽ ጽፌያለሁ)

እቴቴ ግድግዳዋ፣

ሥራው የንጉሥሽ ነው። ሄዶ ከወታደሩ ፊት ይገተር። የጋሼ ንጉሥ ሲመጣብሽ በመካከላችሁ አንድ ባዶ ቤት አስቀርተሽ ፊት ለፊቱ ቁሚ። መሸሽ ግድ ሲሆንብሽ ቀጥ ብለሽ ወደኋላ ሽሺ፣ ወደ ጎን አትሂጂ። በመጨረሻ ጥግ ትያዣለሽ፣ መሄጃ ታጫለሽ። አትፍሪ። ንጉሥሽ ሳይነካ መሄጃ ካጣ ጨዋታው እኩል ነው።

ሌላ ዜና። ትናንት ከዝምተኛው ጋር ተቀመጥኩ። ንግሥቷን በቦታዋ አስቀመጥኩ፣ እጄ ግን ሁለቴ ሊሳሳት ነበር። ተሸነፍኩ። ማንም አልሳቀም። "ነገም ና" አለኝ።

ብሎንሽ


መጋቢት 30 ቀን

ብሎኔ! ብሎኔ! ብሎኔ!

ሰላምታውን ራስህ ሙላው፤ እጄ ሰላምታ ለመጻፍ አልታገሠኝም።

ትናንት እሁድ ነበር። አጎትህ ከመቀመጡ በፊት እጁን ታጠበ፤ እንደዚያ የሚያደርገው ውድ እንጨት ሲይዝ ብቻ ነው። ወታደሩን ሁለት ቤት ገፋ፣ እኔም ትንሿን አንድ ቤት። ጳጳሴ ወጣ፣ በሩ ተዘጋ። በቀኝ መጣ፣ በግራ መጣ፣ ፈረሱን ሰደደ። እኔ ከአጥሬ ውስጥ ንቅንቅ አላልኩም። ከምሳ በኋላ የጀመርነው ጥላው ከግድግዳ ወርዶ ወለሉ ላይ እስኪደርስ አላለቀም። በመጨረሻ እሱ ንጉሥና አንድ ወታደር፣ እኔ ንጉሤን ብቻ ይዤ ቀረሁ።

አጠገቤ ሲመጣ ፊት ለፊቱ ቆምኩ። ሲገፋ ቀጥ ብዬ ሸሸሁ። አንዴ ወደ ጎን ልሄድ እጄን ሰደድኩና ያንተ ድምፅ ትዝ ብሎኝ መለስኩት። ወታደሩ የመጨረሻው ቤት ሊገባ አንድ ሲቀረው ንጉሡን ከጀርባው አመጣ። እኔ ዳር ላይ ነኝ። ተራዬ ነው፣ መሄጃ የለኝም።

  እሱ ጣቱን ዘርግቶ በንጉሤ ዙሪያ ያሉትን ቤቶች አንድ በአንድ ዳሰሳቸው፤ የገጠመ እንጨት ላይ ክፍተት ሲፈልግ እንደሚያደርገው፣ ቀስ ብሎ። ሁለት ጊዜ ዞረ። "መሄጃ የለሽም" አለ። "የለኝም" አልኩት። "ንጉሥሽም አልተነካም።" "አልተነካም።" ጣቱ እዚያው ቆየ።

"እኩል ነው" አለ።

ሳቅ ይሁን ለቅሶ ያልለየለት ነገር ከጉሮሮዬ ወጣ። "አዝነህልኝ እንዳይሆን!" አልኩት። "ሠላሳ አንድ ዓመት ያላዘንኩ ሰው ዛሬ ምን ነካኝ ብዬ ላዝን?" አለኝ፣ እንዲያውም ተቆጣ። "ቀዳዳ ስፈልግ ዋልኩ። የለውም። ማን ነው እንዲህ አድርጎ የገጠመልሽ?"

ነገርኩት። የታጠፉት ወረቀቶች እንዳሉ፣ ያንተ ትምህርት መሆኑን። የጠረጴዛውን ነገር አልነገርኩትም። አሁኑኑ ላንብብልህ ብዬ ስነሣ እጄን ያዘኝ። "አይሆንም፤ የዘለልሻቸውን ገጾች አስቀምጪያቸው፣ ራሴ አነባቸዋለሁ" አለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ "ሐኪም ቤቱ ስንት ሰዓት ነው የሚከፈተው?" ብሎ ጠየቀኝ።

ልጄ፣ ደስታዬን የት ላድርገው? ሸሚዙን ተኩሼ ሰቅያለሁ። ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ወረቀቶቹን ሲያነብ ስለ ጥጉ የጻፍከውን ያያል። ያንን አንድ ገጽ ልደብቀው ወይ? መልስህን ቶሎ ላክልኝ።

እቴቴ፣ ያልተሸነፈችው


ሚያዝያ 19 ቀን

እቴቴ፣ ያልተሸነፍሽው፣

ምሳ ሰዓት ላይ ደብዳቤሽን ለዝምተኛው ተርጉሜ ነገርኩት። ተነሥቶ እጄን ጨበጠኝና "ቀጥ ብላ ወደኋላ ሸሸች?" አለ። "አዎ" ስለው እንደገና ጨበጠኝ።

ስለ ገጹ ብዙ አሰብኩ። አትደብቂው። በዚህ ሁሉ ዓመት የሰለቸኝ መደበቁ ነው። ቢከፋቸው የምካሳቸው እኔ ነኝ። ዓይናቸው ሲገለጥ ያየሽውን ሁሉ ጻፊልኝ።

ብሎንሽ


ግንቦት 21 ቀን

ለልጄ ለብሎን፣

እንዴት ሰንብተሃል? እኔ አምላክ ይመስገን፣ ከምነግርህ በላይ ደህና ነኝ። ይህን የምጽፈው ራሴ ነኝ። ፊደሌ ቢንጋደድ ዓይኔ አይደለም፣ እጄ ነው የዛገው፤ ከእርሳስና ከማስመሪያ ሌላ ነገር ከያዘ ቆይቷል።

ሁለቱንም ሠሩልኝ። ሐኪሟ እውነቷን ነው፣ ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። ለዚህ ኖሯል ከዓመት በላይ የፈራሁት። አዎ፣ ፈርቼ ነበር፤ አሁን ሳየው ለማለት አይከብደኝም። ዓይኔ ከጠፋ ሙያዬም ይጠፋል ብዬ ሐኪም እንዳይነካው ፈራሁ፣ ሳይነካ ሊጠፋ ነበር።

ፋሻው ሲፈታ መጀመሪያ ያየሁት አክስትህን ነው። ደነገጥኩ። "ፀጉርሽ መቼ ነጣ?" አልኳት። "አንተ ጥቁር ጥቁሩን ስትሰጠኝ ነዋ!" አለችኝ። ሐኪሟ ሳቀች፣ እኔ ግን አልሳቅኩም። ያምርባታል። ስንት ዓመት ከፊቴ ተቀምጣ እንዲህ እንዳማረባት አላየሁም ነበር፤ ያንን አሁን በየቀኑ እያየሁ እያካካስኩት ነው። ስታስብ ደግሞ ታችኛውን ከንፈሯን ትነክሳለች። ጨዋታዋን ፊቷ ላይ ማንበብ ስለቻልኩ እሁድ አሸነፍኳት፤ የሚቀጥለው እሁድ አፏ ላይ መሐረብ አስራ መጣች፣ እንደገና እኩል ወጣን።

የተዘለሉትን ገጾች ራሴ አነበብኳቸው። ሁሉንም፣ የጥር አሥራ አምስቱንም።

ልጄ፣ ያ ጥግ ጥቁር መሆኑን አውቃለሁ። ጠረጴዛውን በሠራሁ በሦስተኛው ሳምንት አንድ ደንበኛ ቤት ዕቃ ሳደርስ የተዘረጋ ቼዝ አየሁ፣ እዚያው ቆሜ አላበኝ። ማጣበቂያው ደርቋል፣ አክስትህ ለጎረቤት ሁሉ አሳይታዋለች። ነገ እናገራለሁ ስል ሠላሳ አንድ ዓመት ሆነ። በክንዴ እየከለልኩት ተጫወትኩ። አንተንም ስታድግ እዚያው ላይ አስቀምጬ የተሳሳተውን አስተማርኩህ፤ ምናለበት፣ ከዚህ ቤት ውጭ የት ይጫወታል ብዬ። ከዚህ ቤት ወጥተህ ሄድክ። "አጎቴ እንዲህ ነው ያሳየኝ" ብለህ ሲስቁብህ እንኳ ጥፋቱን እኔ ላይ አላደረግክም። ሰባት ዓመት የምትወደውን ነገር የተውከው የኔን ስም ለመጠበቅ ነው። ይቅር በለኝ ልጄ። በሕይወቴ ያጠፋሁት አንድ እንጨት ነው ያልከው ልክ አይደለም፤ እንጨቱን ማበላሸቴ ሳይሆን ዝም ማለቴ ነው ጥፋቴ።

ጠረጴዛውን ገንጥዬ ላስተካክለው አልኩ። አክስትህ መዶሻውን ቀማችኝ። "ያልተሸነፍኩበትን ጠረጴዛ ማንም አይነካውም" ትላለች። በቀረው ዕድሜያችን ተገልብጠን እንጫወታለን፣ ተስማምተናል።

ላንተ ግን አዲስ ገበታ ሠርቻለሁ። ከዚህ ደብዳቤ ጋር ይደርስሃል። ቀላል ነው፣ በብብት ይያዛል፣ በመካከሉ ይታጠፋል። ቀኝ ጥጉ ነጭ ነው፤ ከማጣበቄ በፊት ሦስት ጊዜ አየሁት፣ ካጣበቅኩ በኋላም አክስትህን ጠርቼ አሳየኋት። ምሳ ሰዓት ይዘኸው ሂድና በሣጥኑ ላይ ዘርጋው። ማን ሠራው ቢሉህ አጎቴ በል። ዝምተኛው የምትለውን ሰው ሰላም በልልኝ፣ ለዓይኔ ባለውለታዬ ነው።

የሩቅ ጨዋታም ይቻላል አሉ፣ በየደብዳቤው አንድ አንድ እየገፉ። ዕድሜ ይስጠን እንጂ እንጨርሰዋለን። ነጩ የሠሪው ነው፤ የንጉሤን ወታደር ሁለት ቤት ገፍቻለሁ።

መልስህን አውቀዋለሁ። ቢሆንም ጻፍልኝ፣ ራሴ ላንብበው።

አጎትህ